ለአንድ ጆሮ የሚሆን ስፒከር

የቡ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለማሂራ ፋሂም፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ወረቀት ዱባይ ድረስ መጥቶ ሲያገኝሽ ሰውነትሽ ጤና፣ ሥራሽ ቀና፣ ልብሽ ሰፊ ሆኖ ያግኝሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ቡናው ዘንድሮ ቅርንጫፉን መሬት አስነክቶታል። ለቀማው ግን ሰላም የለውም። ሰው ሁሉ ገጀራውን ታጥቆ ነው ማሳው ላይ የሚውለው። በቀደም ከወንዙ ማዶ አንዱን ሰው «የቡና ሌባ ነህ» ብለው ጥርሱን አራገፉት፤ ኋላ ሲጣራ መንገደኛ ነው። አላህ ይጠብቀን።

የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። አባትሽ ፋሂም፣ አላህ ይዘንለትና፣ የአጎቴ ልጅ ቢሆንም በአንድ ትሪ በልተን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ አንቺን ስጠይቅ አላፍርም። ዕድሜዬን ሙሉ ከሊሙ ገነት ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና ስጭን አይሱዙዬ ውስጥ የነበረው ስፒከር የተሰነጠቀ ነበር። መንዙማውም ዘፈኑም እንደ ጉንፋናም ሰው ነበር የሚያወራኝ። «ያኔ ሳሎን ስሠራ እውነተኛውን እገዛለሁ» እል ነበር። አሁን መኪናውን ሸጬ ሳሎኑን ሠራሁ። አንቺም የምትሠሪው ስፒከር ቤት ነው። መሬት ላይ የሚቆሙትን ረጃጅሞቹን ምረጪልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትስቂብኝ። ነጠላውን ይሸጡታል ወይስ የግድ ጥንድ ነው? ለእኔ አንድ ይበቃኛል።

ስልኬ አላሰማ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ሳቢሃ በእሷ ስልክ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

አጎትሽ አብዱልፈታሕ


ዱባይ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። ጉልበትዎን ስሜ፣ ለአክስቴ ለሳቢሃም እንዲሁ። የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ አባቴ ተነስቶ የመጣ መሰለኝ፤ ፊደላችሁ አንድ ዓይነት ነው።

ሳቅሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ሱቅ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ስፒከር ብቻ ስጠኝ ያለ ሰው አላየሁም። አንዱን ጆሮ ቤት ትቶ እንደ መምጣት ነው! በጥንድ ነው የሚሸጠው አጎቴ፤ ዘፋኙ መሃል ላይ የቆመ የሚመስለው ሁለት ሲሆኑ ነው።

ለእርስዎ ሁለት ዓይነት አስቤአለሁ። አንደኛው ቀጭንና ረጅም ነው። የሰውን ድምፅ አጥርቶ ያወጣል፤ መንዙማ ላይ የሚያዜመው ሰው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ሁለተኛው ሰፊ ደረት ያለው ነው፤ ድቤውን መሬት ለመሬት ይዞት ይመጣል። ችግሩ፣ ከግድግዳ ራቅ ካላደረጉት ይጮሃል።

ለመምረጥ እነዚህን ይንገሩኝ። ሳሎኑ ምን ያህል ነው? ግድግዳው ብሎኬት ነው ጭቃ? ወለሉስ? መስኮቱ ስንት ነው፣ መጋረጃ አለው? እርስዎ የት ነው የሚቀመጡት?

ወንድሜ ጣሪቅ ስልክ አያነሳም። ለቀማ ላይ ስለሆነ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። እባክዎ ሲያገኙት ይቆጡልኝ።

ልጅዎ ማሂራ


የቡ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሂራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፤ የቡና ማድረቂያው አልጋ ዙሪያ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሳሎኑ አሥር ሰው በምቾት ያስቀምጣል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ምንጣፍ ገና አልገዛንም። መስኮቱ ሁለት ነው። አንዱ መስታወቱ ስለተሰበረ ለጊዜው በቆርቆሮ ተመቷል። ልጄ ሙሀጅር ነው ሳያስበው የሰበረው፤ እጁን አሥራ አንድ ቦታ ሰፍተውታል፣ አሁን ግን ድኗል።

የምቀመጠው በሩ አጠገብ፣ ግድግዳው በግራዬ በኩል ሆኖ ነው። በግራ በኩል የሚመጣውን ብዙ አልሰማም። ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብዬ ስነሳ ቋሚው እንጨት ጆሮዬን መትቶኝ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ነጠላ ያልኩሽ ለዚያ ነው። ለደነቆረ ጆሮ ምን ሁለተኛ ስፒከር ያስፈልገዋል?

ሰፊ ደረት ያለውን ብትመርጪልኝ ይሻላል። ጆሮ ያጣውን ደረት ይቀበለዋል ብዬ ነው።

ጣሪቅ የጭነት ሥራ አግኝቶ ሰኮሩ ሄዷል። አታስቢ።

አጎትሽ


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ስለ ጆሮዎ ልጠይቅዎት። ሐኪም አየዎት? ጅማ ሄደው ይታዩ፣ ቀላል አድርገው አይተዉት።

ስለ ስፒከሩ፣ አሁንም ጥንድ ነው የምልዎት። ድምፅ በሚያጎላው አምፕ ላይ የግራውንና የቀኙን ድምፅ ቀላቅሎ ከሁለቱም እኩል የሚያወጣ ቁልፍ አለ፤ እሱን እናደርገዋለን፣ ምንም አያመልጥዎትም። መቀመጫዎን ብቻ አዙረው ደህናውን ጆሮ ወደ ስፒከሮቹ ይስጡ። ሴራሚኩ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፣ አለበለዚያ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። እኔ ግን አሁንም ልቤ ወደ ቀጭኑ ነው። የደከመ ጆሮ የሚሻው የጠራ ድምፅ ነው።

እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነበር። ዛሬ ጣሪቅ ደወለ።

«አጎትሽ የአባቴን ማሳ በላ፤ አሁን ደግሞ ሙሀጅርን ሊያስገድለኝ ልኮብኛል» አለኝ። እያለቀሰ ነበር። «ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ልጆች አሉ፣ የመንገዱን ላኪልኝ» አለኝ። እርስዎ የጭነት ሥራ አግኝቶ ሄደ ነበር ያሉኝ። ሰው ገጀራ ሲሳልበት የጭነት ሥራ አገኘ ይባላል? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ምንጣፍ ወፍራም ይሁን ቀጭን እያልኩ እጽፍልዎታለሁ፣ እርስዎ ወንድሜን ያሳድዳሉ?

እውነቱን ይጻፉልኝ። ካልሆነም ስፒከሩን ሌላ ሰው ይምረጥልዎት።

ማሂራ


የቡ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማሂራ ልጄ፣

ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው። አሁን ግን ጊዜ የለም።

በለቀማው መጀመሪያ አንድ ጠዋት ጣሪቅን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በታችኛው ማሳ እሸት ሲለቅም አገኘሁት። አባትሽ የሸጠልኝ ማሳ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ የኔ ነው» አልኩት።

«የአባቴ ነው! መቼ ሸጠልህ? ለምን ሸጠ? ተናገር!»

ዝም አልኩ።

«ሌባ!» ብሎ የቅርንጫፍ ማጉበጫውን ቆልማማ እንጨት አነሳ። መጀመሪያ ትከሻዬን መታኝ፣ ቀጥሎ ጆሮዬን። ስወድቅ ቅርጫቱ ከእኔ ጋር ተገለበጠና ቀዩ እሸት ፊቴ ላይ ፈሰሰ። የቱ ቡና፣ የቱ ደም እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ወድቄም በእግሩ ጎኔን ይረግጠኝ ነበር፤ ጓደኞቹ ናቸው ጎትተው የወሰዱት።

ቤት ስገባ አልጋው መታኝ አልኩ። ለሳቢሃ እንኳ እውነቱን የነገርኳት ከቀናት በኋላ ነው። ሙሀጅር ግን ከለቃሚዎቹ አንዱ ገበያ ላይ ነገረው። መጥቶ «ማን ነው የመታህ?» አለኝ። «አልጋው» አልኩት። መስኮቱን በቡጢ መታው። መስታወቱ እጁ ላይ ተሰክቶ «ኣባ፣ አንተ ብትዋሽ ጆሮህ አይዋሽም» አለኝ። ከጣሪቅ ጋር በአንድ መድረሳ ቁርአን እየቀሩ ነው ያደጉት፤ ለዚያ ነው ይበልጥ ያበደው።

እኔ ማንንም አልላክሁም፣ ወላሂ። ሳቢሃ ገጀራውን ብትደብቅበት ሌላ ገዝቶ መጣ። ጣሪቅ ሰኮሩ መሆኑን ትናንት አወቀ። ማሎ ማሎ፣ ልለምንሽ፣ ወንድምሽን ከሰኮሩ ውጣ በይው። ዛሬውኑ።

አብዱልፈታሕ


ዱባይ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ደወልኩለት። ሳቀብኝ። «ሽማግሌው ፈርቶ ነው፣ ከማሳው ሊያርቀኝ ነው» አለኝ። እኔም ጮህኩበት። «በሽማግሌ ላይ እጅህን አንስተሃል?» ስለው ሳቁ ቆመና ስልኩን ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህ አይነሳም።

ባለፈው የጻፍኩትን አፉ ይበሉኝ። ወንድሜ ያደረገውን ሳነብ ሱቁን ትቼ መጋዘን ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀመጥሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «ለምን ሸጠ» ሲልዎ ለምን ዝም አሉ? አንድ ቃል ቢመልሱለት ኖሮ ምናልባት እንጨቱን አያነሳም ነበር።

ማሂራ


ጅማ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማሂራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። በመጀመሪያ፣ ወንድምሽ በሕይወት አለ። ይህን ሳታነቢ ወደ ታች እንዳትወርጂ። ሳቢሃም በስልክ ነግራሻለች፤ የሆነውን ግን ከእኔ እጅ ልታገኚው ይገባል።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ሙሀጅር ጠዋት በሞተር ወጣ። እኔ በሚኒባስ ተከተልኩት፤ መንገዱን ሙሉ ሹፌሩን «ፍጠን» እያልኩ አሰለቸሁት። ሰኮሩ መንገድ ዳር ሽበሺ የሚባል የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ጎማ የሚጠግንበት ቤት አለው። ጣሪቅ ከዚያ ፊት ለፊት ጆንያ ሲያወርድ አየሁት፤ ሙሀጅር ሞተሩን ሳያቆም ጥሎት ሲወርድም አየሁት። ገጀራውን ከጃኬቱ ሥር አወጣ።

ጮህኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ወይም ሰምተው ሸሹ።

የመጀመሪያው ምት ጣሪቅ ትከሻ ላይ ገባ። በርበሬ የተሞላው ጆንያ ከእሱ ጋር ወደቀ። ጣሪቅ በአንድ እጁ እየተሳበ መኪናው ሥር ሊገባ ሲል ሙሀጅር እግሩን ይዞ ጎተተው። ሁለተኛው ምት መዳፉን ሰነጠቀው። ጣሪቅ «ሙሃ! ሙሃ!» እያለ በልጅነቱ ስም ነበር የሚጠራው። ሙሀጅር ሦስተኛውን ሊሰነዝር እጁን ሲያነሳ ያየሁት የጣሪቅን አንገት ነው፤ የሚያነጣጥረው አንገቱ ላይ ነበር።

ከሽበሺ ደጃፍ የጎማ መፍቻውን ብረት አነሳሁ። የገዛ ልጄን ክንድ መታሁ። አጥንቱ ሲሰበር በደህናው ጆሮዬ ሰማሁት። ገጀራው ወደቀ። ገጀራው ከእጁ ከወጣ በኋላም ልጄን ደግሜ መታሁት። ያ ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር ማሂራ።  ሙሀጅር ተንበርክኮ ቀና ብሎ አየኝ። «ለእሱ ብለህ?» አለኝ። እስካሁን አያናግረኝም።

ሽበሺ ነው ሁለቱንም በጭነት መኪና ጅማ ሆስፒታል ያደረሳቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ግድግዳ ተኝተዋል። መሃላቸው ፖሊስ ተቀምጧል። እኔንም ጠየቁኝ። «ልጅህን የሰበርከው አንተ ነህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ጻፉት።

ጣሪቅ ደሙ ሳይቆም፣ በመንገድ ላይ ራሱን ጭኔ ላይ አስደግፌው «ለምን ሸጠ?» አለኝ እንደገና። ያን ጊዜም አልነገርኩትም። ላንቺ ግን ጠይቀሻልና እነግርሻለሁ፤ የሙት አደራ መብላቴን አላህ ይቅር ይበለኝ። አባትሽ ማሳውን የሸጠው አንቺን ዱባይ ለመላክ ነው። ለኤጀንሲው፣ ለቪዛው፣ ለትኬቱ። «ልጆቼ እንዳይሰሙ። ማሂራ ሸክም ሆኖባት እንዳትኖር፣ ጣሪቅም በእህቱ እንዳይቀና» ብሎ አስምሎኛል። መሐላዬን ጠበቅሁ፤ ሁለት ልጆች ሊሞቱበት ነበር።

ስፒከሩን ተይው። በዚህ ቤት ማን ሙዚቃ ይሰማል?

አጎትሽ


ዱባይ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ ለአብዱልፈታሕ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከአሁን በኋላ አጎቴ አልልዎትም።

ደብዳቤውን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን መጻፍ አልቻልኩም። እዚህ ዓመታት ቆሜ ስሠራ የአባቴ ማሳ ላይ ቆሜ እንደነበር አላውቅም ነበር። ለጣሪቅ ራሴ ደውዬ ነገርኩት። እርስዎ እንዲነግሩት አልፈለግሁም፤ የእኔ ነገር ነውና።   «ጆሮው ይድናል?» አለኝ። እንደማይድን ነገርኩት።

የደቡብ አፍሪካውን መንገድ አልከፍልለትም። ቁስሉ ሲድን እዚያው ያጠፋው ጥፋት ፊት ይቁም። ፍርድ ቤቱም፣ የአገር ሽማግሌዎቹ ጃርሶቹም የሚሉትን ይቀበል። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ እኔም በስልክ እንድናገር ይፍቀዱልኝ።

ስፒከሩን ደግሞ አልተውኩትም። ሰፊ ደረት ያለውን ገዛሁ። እኔ ስለ ድምፅ ጥራት ስከራከር እርስዎ የሚሹት የሚሰማዎትን ነገር መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ያርቁት። ጥንድ ነው፤ ሁለቱም የእርስዎ ናቸው። የሚላከው በካርጎ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአገር አቋራጭ መኪና ጅማ ነው። ይህ የጆሮ ካሳ አይደለም፤ ለጆሮ ካሳ የለውም። ስጦታ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ከጅማ የቡ ድረስ የሚያመጣው ጣሪቅ ይሁን። በትከሻው ተሸክሞ በእርስዎ በር ይግባ። ሙሀጅር ከፈቀደ።

ረመዳን ሊገባ ነው። ዱዓ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ ማሂራ


የቡ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሂራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒድሽ የተባረከ ይሁን፣ ጾምሽን አላህ ይቀበልሽ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ዒድ ሳይደርስ ነው፤ ያኔ የተናገርሽውን ሁሉም እስከ ዛሬ ያነሳዋል። ሳቢሃ ስልኳን መሃል አጎዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ለእኔ የማልሰማውን በኦሮምኛ እየደገሙ አሰሙኝ። «አባታችን ማሳውን የሸጠው ለእኔ ብሎ ነው፣ የበላሁት እኔ ነኝ፤ አባ ሙሀጅር አደራ ስለጠበቀ ደነቆረ» ስትዪ ጣሪቅ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ከጃርሶቹ ትልቁ «በሉ፣ ደም የፈሰሰው ይበቃል» አሉ። ጣሪቅ እግሬ ላይ ወደቀ፤ አነሳሁት። ሙሀጅር ግን ይቅር አላለም። ክንዱ በጀሶ ታስሮ ተቀምጦ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ተነስቶ ወጣ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ገና ነው፤ በዋስ ነው ያለው። እኔ ልጄን አልወቅሰውም። የመታሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ዕቃው መጣ። ጣሪቅ ከጅማ በባጃጅ አምጥቶ ከደጃችን ወረደ። አንደኛውን ካርቶን በደህናው ትከሻው ተሸከመ፤ ከባድ ነው፣ ደም ሥሩ ተገትሮ ይታያል። በሩ ላይ ሙሀጅር ቆሟል። ጀሶው ከተፈታ ገና ጥቂት ቀኑ ነው፤ ክንዱ አልተዘረጋም።

«ተመለስ» አለው።

ጣሪቅ ቆመ፤ አልተመለሰም።

ሙሀጅር በግራ እጁ በጥፊ መታው። ጣሪቅ ወደ ኋላ ተንገዳገደ፤ ካርቶኑን ግን አልጣለውም። ሙሀጅር ደገመው፣ በዚህኛው ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ደሙ አገጩ ላይ ወርዶ ካርቶኑ ላይ ተንጠባጠበ። ሳቢሃ ከኋላዬ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ተው!» ስትል እጇን ያዝኩ። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። መነሳት ፈልጌ ነበር። ግን የዚህ በር ነገር በእነሱ መካከል ነው ብዬ ተውኩት።

ሙሀጅር ለሦስተኛ ጊዜ እጁን አነሳ። ጣሪቅ ፊቱን አላዞረም። ዓይኑን ብቻ ጨፈነ፣ ካርቶኑንም አጥብቆ ያዘ።

እጁ እዚያው አየር ላይ ቆየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወረደና ጎኑ ላይ ተንጠለጠለ። ሙሀጅር የጣሪቅን እግር አየ፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል፣ ትናንት ዘንቦ ነበርና።

«ጫማህን አውልቅ» አለው። «እናቴ ዛሬ ነው ያጸዳችው።»

ከበሩም ፈቀቅ አለለት። ጣሪቅ ሸክሙን ሳያወርድ፣ አንዱን ጫማ በሌላው እግሩ እየገፋ አወለቀና ገባ።

አጎትሽም አባትሽም
አብዱልፈታሕ